ባዶ የተውኳት ሳጥን

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት በሐምሌ፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መናፈሻ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ፖሊስም አልተጠራም። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹን ብትጠይቋቸው ጥሩ ቀን ነበር ነው የሚሏችሁ። እኔን ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩትም የራሴ እጅ ስላለበት ነው።

ሚኒሶታ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ፤ እዚህ ግን ብሉሚንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ፎጣና አንሶላ አጥፍ ነበር። ወደ ሪሰፕሽን ላውጣሽ ያለችኝን አለቃዬን እምቢ ብያታለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ስናገር አንደበቴ ይተሳሰራል። በአማርኛም ቢሆን ያው ነው።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ታምራት ቤታችን መጡ። አቶ ታምራት ሁለት ታክሲ ያላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከስፖርቱም ኮሚቴ የማይጠፉ ሰው ናቸው። የመጡበት ጉዳይ ታክስ ነበር። የገቢ ግብር በአገር ደረጃ ጨርሶ እንዲቀር፣ በምትኩ ግብር የሚከፈለው ዕቃ ሲገዛ ብቻ እንዲሆን የሚታገል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አለ፤ እኔም ገብቼበታለሁ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ኢኮኖሚክስ የተማረች ልጅ ፎጣ ስታጥፍ መኖር የለባትም፤ ከፈረንጆቹ ጋር ቮለንቲር ብታደርጊ እንግሊዝኛሽ ይፈታል፤ ሥራ ስታመለክቺም ይጠቅምሻል አሉኝ። አክስቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ በዚህ አለቀ። አክስቴ እሺ ካለች እኔ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ቡድኑን የሚመራው ዴል የሚባል ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ግዙፍ፣ ፊቱ ፀሐይ ያቀላው፣ ሳቂታ ሰው ነው። ያገኘውን ሁሉ “ማይ ፍሬንድ” ይላል። በበጋ ትንንሾቹ ከተሞች በዓል ሲያደርጉ ድንኳን ይተክላል፣ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ወረቀት ያድላል። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ላይ በተደረገ በዓል አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሥራዬ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ወረቀቶቹ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ነበር ማለት ይቻላል። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ አንድም ሳላስቀር አነበብኳቸው። ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አላመንኩበትም፤ ግን አላስጠላኝም። የሚያምኑበት ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ከማያውቁት ሰው ጋር ከልባቸው ሲከራከሩ አይቼ አክብሬያቸውም ነበር። ይህን የምጽፈው ጸቤ ከታክሱ ጋር እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሰው የሚፈርምበት አንድ ካርድ ነበር። አካባቢውን በኮንግረስ ለሚወክለው የምክር ቤት አባል የሚላክ ነው። “ይህን ሕግ ይደግፉልን” የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ ከሥሩ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሞላል። ከሁሉም በታች አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። አጠገቧ “የአሜሪካ ዜጋና የተመዘገብኩ መራጭ ነኝ” ይላል። ዜጋ የሆነ ሰው ሳጥኗ ውስጥ ምልክት ያደርጋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መፈረም ይችላል ወይ ብዬ ዴልን አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ። ግብር የሚከፍል ሁሉ ይችላል፣ ሳጥኗን ባዶ ይተዋት አለኝ። ልቤ አረፈ።

በሐምሌው ቅዳሜ የእኛ ሰዎች የእግር ኳስ ቀን ነበር። አቶ ታምራት ኮሚቴውን አስፈቅደው ለእነ ዴል ከሜዳው ጎን ድንኳን አስተከሉ። መጀመሪያ ማንም ዝር አላለም። ሰው ድንኳኑን ከሩቅ አይቶ፣ ፈረንጁን አይቶ፣ የሚሸጥ ነገር መስሎት ያልፋል። ይህን ጊዜ አቶ ታምራት እጄን ይዘው ከጠረጴዛው ፊት አቆሙኝ።

ከዚያ በኋላ መምጣት ጀመሩ። የመጡት ለታክሱ አልነበረም። “የእገሊት እህት ልጅ ናት” እየተባባሉ ለእኔ ብለው ነው የመጡት። የኛ ሰው ፎርም ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ትላልቆቹ ከኪሳቸው የመንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው “እንቺ፣ ከዚህ ላይ ጻፊው” ይላሉ። የተማረው ይጽፋል፣ ባለቤቱ ይፈርማል። ስለዚህ ያን ቀን የእያንዳንዱን ሰው ስምና አድራሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎርም የምሞላው ሁልጊዜ በጥቁር እስክሪብቶ ነው። እያንዳንዳቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ “ዜግነት አግኝተዋል?” እላለሁ። ያገኙት ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። ላላገኙት ሳጥኗን እዘላታለሁ።

በሕጉ መሠረት መንግሥት ለየቤተሰቡ በየወሩ ለመሠረታዊ ፍጆታ የሚሆን ቼክ ይልካል መባሉ ሽማግሌዎቹን አስቋቸው ነበር።

“ይሄ ቼክ ለእኛም ይደርሳል፣ ወይስ ፖስተኛው እኛ በር ላይ ሲደርስ ይደክመዋል?” አሉ አንዱ።

“ዲቪ በለው” አላቸው ከኋላቸው ያለው።

“ዲቪማ ደርሶን ነው እዚህ ፀሐይ ላይ የተሰለፍነው” አሉት።

እትዬ አሰለፈች የመጡት በዚህ መሀል ነው። እትዬ አሰለፈች እኛ ሕንፃ ላይ ከእኛ በታች የሚኖሩ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የሚሠሩ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ ለዜግነት ፈተና የማስጠናቸው እኔ ነበርኩ። ቃለ መጠይቃቸው መስከረም ላይ ነበር። አዲስ አበባ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በታኅሣሥ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል። እናቷ ከዚያ በፊት ዜጋ ከሆኑ ልጅቷ ቶሎ ትመጣለች። ካለፈ ግን ወረፋው የብዙ ዓመት ነው። ለዚህ ብለው ከሥራ መልስ እግራቸው አብጦ ሳለ እንኳ አንድ እሑድ ቀርተው አያውቁም።

ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ “የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብለው ያውቃሉ?” የሚል ነው። ሳይሆን ነኝ ያለ ሰው ዜግነቱን መከልከል ብቻ ሳይሆን ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ እንደሚችል ጠበቃቸው ነግሯቸዋል። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

እትዬ አሰለፈች የመንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ መታወቂያቸውን ሰጡኝ። እየጻፍኩ ሳለ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እዚህ ሚኒሶታ ልብስና ጫማ ላይ ታክስ የለም፤ ይሄ ሕግ ሲመጣ እሱ ላይም ልከፍል ነው ወይ አሉኝ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ለዴል ተረጎምኩለት። ዴል ፈገግ ብሎ ስለ ወርሃዊው ቼክ ንገሪያት አለኝ። ጥያቄውን ደገምኩለት። እሱም መልሱን ደገመልኝ፤ አቶ ታምራት ደግሞ “አይከፍሉም በያቸው፣ ምን ያስጨንቅሻል” አሉኝ በአማርኛ። እኔ ግን ይከፍላሉ አልኳቸው።

“ታዲያ ለምን እፈርማለሁ?” ብለው ሳቁ። “ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ ልጄ” አሉና ፈረሙ። ሳጥኗን ባዶ ተውኳት።

ወዲያው ሴቶቹ ምግብ ወደሚሸጡበት ሄደው ራሳቸው የጠበሱትን ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው መጡና ለዴል ሰጡት። እንግዳ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል አሉ። ሒሳብ ሊሰጣቸው ሲል እጁን መልሰው ወደ ኪሱ ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ካርድ አለቀብኝና ልወስድ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞርኩ። ዴልና አቶ ታምራት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዴል ያስፈረምናቸውን ካርዶች ጭኑ ላይ ከምሯል። በግራ እጁ ሳምቡሳ ይበላል፤ በቀኝ እጁ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይዟል። አንድ ካርድ ያነሣል፣ ታች ያለችውን ሳጥን ያያል፣ ባዶ ከሆነች ምልክት ያደርግባታል፣ ወደ ካርቶን ይጥለዋል። ደግሞ ሌላውን ያነሣል። ጣቱን ልሶ ነበር የሚገልጠው። ካርዶቹ ላይ የዘይት አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

መጀመሪያ የማየው ነገር አልገባኝም። ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ተመለከትኩ። ስሙ በእኔ ጽሑፍ፣ አድራሻው በእኔ ጽሑፍ፣ ፊርማው የባለቤቱ፤ ከሥሩ ግን ያላሉት ነገር በሰማያዊ ቀለም።

እነዚህ ሰዎች ዜጋ አይደሉም፣ ባዶ ይሁን ብለኸኝ ነበር አልኩት። ዴል አልደነገጠም። አፉን በወረቀቱ ጠረገና ምልክት የሌለበት ካርድ አይቆጠርልንም አለኝ። የመራጭ ካርድ ካልሆነ ምክር ቤቱ አያነበውም፤ ፖስትካርድ ነው፣ ማንም አያጣራውም፣ አትጨነቂ የኔ ማር አለኝ። በሚያጽናና ድምፅ ነበር የተናገረው። ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስጠላኝ።

ወደ አቶ ታምራት ዞርኩ። እሳቸው የእኛ ሰው ናቸው። የግሪን ካርድን ነገር፣ የቃለ መጠይቁን ነገር ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ራሳቸውም አልፈውበታል።

“አቶ ታምራት፣ እትዬ አሰለፈች መስከረም ላይ ቃለ መጠይቅ አለባቸው እኮ” አልኳቸው።

“እህት ዓለም፣ ነገር አታክብጂ” አሉኝ። “ማን ያየዋል? ደግሞ ይሄን ሁሉ የምንለፋው ለእነሱ ነው።” ትንሽ አሰቡና “የአሰለፈች ከሆነ ያሳሰበሽ፣ የእሷን ፈልገሽ አውጪ። ሌላውን ግን ተዪው” አሉ።

ይህን በጽሑፍ ማስፈሬ ያሳፍረኛል፤ ጎንበስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። የእትዬ አሰለፈችን ካርድ ብቻ ይዤ ልሄድ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ከትቼ ሳገላብጥ ግን የሁሉም ስም በእኔው ጽሑፍ አንድ በአንድ መጣብኝ። እየቀለዱ የፈረሙት ሽማግሌ። ከዕቅፍ ልጇ ጋር የመጣችው ሴት። ኤርፖርት ጋሪ የሚገፋው ልጅ፤ ግሪን ካርዱ ከመጣ ገና ወሩ ነው። አንዱንም ሳልይዝ ቀና አልኩ። የጻፍኳቸውን ሁሉ ስጡኝ አልኩ። ዴል መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። የተፈረመ ካርድ የዘመቻው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ከጠየቀ እሰጣለሁ አለ። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። እንደማይጠይቁ እርግጠኛ ነበር መሰለኝ።

መጮህ አልችልበትም። ማይክራፎን ይዞ የሚያስተዋውቅ ልጅ ነበር፤ ወደ እሱ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሣሁና መንገድ ላይ ተመለስኩ። ያደረግኩት ሰው በሰው እየዞርኩ በጆሯቸው መንገር ነው። ካርዱ ላይ ዜጋ ነኝ የሚል አለበት፣ ስህተት ተሠርቷል፣ ሄዳችሁ ፈረንጁን ካርዳችንን መልስልን በሉት አልኳቸው። “ስህተት” ነው ያልኩት። ያየሁትን እንዳለ ለመናገር ምላሴ አልታዘዘልኝም።

ወጣቶቹ ወዲያው ሄዱ። ትላልቆቹ ግን ከበዳቸው። አንዱ ከሰጡ በኋላ መልሶ መጠየቅ ነውር ነው አሉ። ሌላው ፈረንጁ ይቀየማል፣ ታምራትንም እናሳፍረዋለን አሉ። በጣም ያስቸገሩኝ እትዬ አሰለፈች ነበሩ።

“አሁን ከእጄ የበላ እንግዳ ፊት ሄጄ አምኜ የሰጠሁህን መልስልኝ ልለው ነው?” አሉኝ።

“እትዬ፣ ልጅዎን ያስቡ” አልኳቸው። ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ተነሡ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው። ዴል ፊት ቆሙና፣ እሑድ እሑድ በተለማመድንበት እንግሊዝኛ፣ ዜጋ አይደለሁም፣ ካርዴን እፈልጋለሁ አሉት። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው “አይ አም ሶሪ፣ ቬሪ ሶሪ” አሉ። ዴል ፈልጎ አወጣላቸው። “ኖ ፕሮብሌም፣ ማይ ፍሬንድ” አላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አመሰገኑት። ካርዱን ከእጃቸው ተቀብዬ አየሁት። ሰማያዊው ምልክት አለበት፤ ከአጠገቡ ክብ የዘይት ነጠብጣብ። ቀዳደድኩትና ቁራጩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ መጣል እንኳ ፈራሁ።

ድንኳኑ ፊት ሰልፍ ሆነ። ሰዎቻችን እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው፣ ይቅርታ እየጠየቁ ካርዳቸውን ይቀበላሉ። እሱ እንደ ቸር ሰው እያንዳንዱን ያድላል። ከዚያ ቀን ሁሉ ማየት የከበደኝ ይህን ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ ዴል ድንኳኑን ነቅሎ፣ የቀረውን ካርቶን መኪናው ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ቀድመው ወደ ቤታቸው የሄዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን በስልክ አገኘኋቸውና ለጠበቃ እንዲነግሩ ለመንኳቸው። ሦስተኛውን ሰው አላገኘኋቸውም። ከሌላ ከተማ ዘመድ ጥየቃ የመጡ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ስማቸውን በእጄ ጽፌ ስማቸውን ረሳሁት። በኮሚቴው በኩል አስፈለግሁ፤ የሚያውቃቸው ጠፋ። ካርዳቸው ተልኮ ይሁን ተጥሎ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቡድኑ ለሌሎቹ አባላት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። አቶ ታምራት ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሦስት ጊዜ ይስሙኛል። አክስቴ ስላለች ጉንጬን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን እታጠባለሁ።

እትዬ አሰለፈች ፈተናውን አለፉ። ያንን ጥያቄ ጠየቋቸው፤ “ኖ” አሉ፣ እውነታቸውንም ነበር። በኅዳር ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የዚያን ቀን በአክስቴ መኪና ከኋላ ወንበር አብረን ተቀምጠን ስንመለስ የሰጧቸውን የዜግነት ወረቀት በሁለት እጃቸው እንደያዙ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ አሁን ዜጋ ሆኛለሁ አይደል? ያንን ሰውዬ ፈልገሽ ካርዱን ብፈርምለትስ? ያን ቀን በሰው ፊት አሳፈርኩት፤ ሆዴን ሲበላኝ ነው የከረመው።”

ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ምልክቱን ያደረገው እሱ ራሱ እንደነበር፣ ዜጋ አለመሆናቸውን ከነገርኩት በኋላም እንዳልደነገጠ፣ አቶ ታምራትም አጠገቡ ተቀምጠው እንደነበር ነገርኳቸው።

“ከፈረምኩ በኋላ?” አሉኝ።

“ከፈረሙ በኋላ።”

የሰደቡትን እዚህ አልጽፈውም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ አክስቴ ከፊት ሆና በመስተዋቱ አየችን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

“ይቅርታ ጠየቅሁት እኮ” አሉ። “አንቺ ደግሞ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።”

ልጃቸው ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ ከእናቷ ጋር ደህና ነው የሚኖሩት። ከእኔም ጋር ደህና ነን። ዴልን ሳስብ አሁንም ያቅለሸልሸኛል፤ የአቶ ታምራትን ጉንጭም አልለመድኩትም። ግን በዚያ መኪና ውስጥ የተባልኩት ልክ ነው። እውነቱን ጆሯቸው ውስጥ “ስህተት” ብዬ ባላለሳልሰው ኖሮ፣ እትዬ አሰለፈች ያን ሰው ይቅርታ አይጠይቁትም ነበር።